ከድራሙ በፊት የምትቆጥረው ሴት

ይህን ታሪክ ከሰው አልሰማሁትም። እኔው ነበርኩበት።

እዚህ ገጽ ላይ የሚወጡትን ሳነብ "ይሄ እንኳ ፈጠራ ነው" ብዬ የማልፋቸው አሉ። የእኔንም እንደዚያ ብላችሁ ብታልፉት አልቀየማችሁም። ግን ስለ እውነቱ ከሆነ፣ ዛሬም ከበሮ በሰማሁ ቁጥር ምቱ ከመጀመሩ በፊት ያለችውን ዝምታ እፈራታለሁ...

ነገሩ የሆነው በጨለማ አይደለም። በቀን ብርሃን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

ቦታው አስመራ፣ ጸጸራት የሚባለው ሰፈር። ዓመቱ 1985፣ ሪፈረንደሙ አልፎ ከተማው ገና ከጭፈራው ያልበረደበት ክረምት።

ስሜ ሠርካለም ነው። አባቴ የጦር ሠራዊት መኮንን ነበር። ገና ልጅ ሳለሁ ወደ አስመራ ተዛወረና ሁላችንም ተከትለነው ሄድን። በ1983 ሠራዊቱ ከተማውን ለቆ ሲወጣ ቤተሰቤ በሙሉ ወጣ።

እኔ ቀረሁ።

የቀረሁት ለዘርዓይ ብዬ ነው።

ዘርዓይ ባሌ ነው። ጠዋት እንጨት ሥራ ቤት ይውላል፣ ከሰዓት በኋላ ድራም ይመታል። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሲስቅ በአፍንጫው ነው የሚስቀው።

በዚያ ከተማ ከእሱ በቀር ማንም አልነበረኝም። ስለዚህ እቀና ነበር። መንገድ ላይ ሰላም በምትለው ሴት ሁሉ እቀና ነበር። አብረውት ካደጉት ጋር በሚቀላለድበት ቋንቋ እቀና ነበር። ትግርኛ እችላለሁ። ግን "ሓ" ስል ድምፁ ከጉሮሮዬ አይወጣም። ዳቦ ልገዛ ሄጄ ያቺን አንዲት ፊደል ስጠራ ባለሱቁ ቀና ብሎ ያየኛል።

ያኔ አንገቴን እደፋለሁ።

በዚያ ክረምት ዘርዓይ አንድ የቆየ ድራም በጋሪ አስጭኖ መጣ። የሰጡት ቤት ጊዮርጊስ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ፣ በዘመናቸው በየሆቴሉ ይመቱ የነበሩ ንጋሲ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው።

"እንዲሁ ሰጡህ?" አልኩት።

"እንዲሁ። ባለትዳር ነህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እወ አልኳቸው። እንግዲያው ውሰደው አሉኝ።"

ባለትዳር ሰው ዕቃ ይጠነቀቃል ብለው ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

የዘርዓይ ጓደኛ ፍቅረየሱስ ከጀርመን ተመልሶ ባንድ ሊያቋቁም ነበር። "ቀድተህ አምጣልኝ፣ ሰምቼ እነግርሃለሁ" ብሎታል። ለዘርዓይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዕድሜ ልኩን የጠበቀው ነገር ነው።

ግን ስቱዲዮ የለም። ያለን አንዲት ማይክና አንድ ካሴት የሚቀዳ ቴፕ ብቻ ነው።

ከግቢያችን ጀርባ ድሮ የመኪና ማቆሚያ የነበረ ክፍል አለ። ጣራው ቆርቆሮ ነው። አንድ መስኮት አለው፣ ብረት የተሰራበት። ዘርዓይ ድምፅ እንዳያስተጋባ ብሎ ብርድ ልብሶቻችንን በሙሉ ግድግዳው ላይ ሰቀላቸው። የመጥረጊያ እንጨት ከማገሩ ጋር አስሮ ማይኳን ከድራሙ በላይ አንጠለጠላት።

መጀመሪያ ላይ አብሬው ነበርኩ። ማይኳን ወደ ትልቁ ከበሮ ሲያስጠጋት ሲምባሉ፣ የናሱ ሳህን፣ ይጠፋል። ከፍ ሲያደርጋት ሲምባሉ ሁሉን ይውጠዋል። አንድ ጣት ዝቅ፣ አንድ ጣት ከፍ... ይቀዳል፣ ያዳምጣል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ያስተካክላታል።

"አየሽ ሠርኬ" አለኝ። "ሁለት ማይክ ቢኖረኝ ግራና ቀኝ ይኖር ነበር። በአንድ ማይክ ግን ያለው ቅርብና ሩቅ ብቻ ነው። የቀረባት ይሰማል። የራቃት ይደበዝዛል።"

ደስ ብሎኝ ሳቅኩ። እሱም በአፍንጫው ሳቀ።

እውነት እላችኋለሁ፣ ከዚያ ወዲህ አብረን አልሳቅንም።

እኔ መሃል ከተማ አንድ ኬክ ቤት አስተናጋጅ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ነኝ። እሱ የሚቀዳው ያኔ ነው፣ ብቻውን።

አንድ ቀን ስገባ ዘርዓይ የለም። ቴፑ ግን ጓሮው ክፍል ውስጥ አለ። የቀዳውን ልስማለት ብዬ ተጫንኩት።

መጀመሪያ የካሴቱ ሽሽሽታ...

ቀጥሎ ዝምታ...

ቀጥሎ የሴት ድምፅ።

ሩቅ ነው። ከበሩ ውጭ የቆመች ይመስላል። ቀስ ብላ፣ በሹክሹክታ ትቆጥራለች።

"ሓደ... ክልተ... ሰለስተ... ኣርባዕተ..."

"አራት" ባለችበት ላይ ድራሙ ገባ። ልክ እሷ በያዘችለት ፍጥነት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያኔ የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም። ቅናት ነው። መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ "ሓ"ዋ ነው። ከጉሮሮዋ ነው የወጣው። ጥርት ብሎ።

ዘርዓይ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት።

"ማን ነበር ዛሬ ቤት?"

"ማንም።"

"ማንም?"

"ኣይፋል፣ ማንም። ማን ይመጣል?"

ቴፑን ከፈትኩለት። ሴትዮዋ ቆጠረች። ፊቱን እያየሁት ነበር። አልደነገጠም። ራሱን በምቱ ልክ ወደ ላይና ወደ ታች አደረገ።

"ጎረቤት ናት" አለ። "ከግድግዳው ማዶ።"

"ጎረቤት ለአንተ ድራም ትቆጥርልሃለች?"

እጁን ታጠበና ራት ቀረበ። እየበላን ሳለ ግን፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው "ዛሬ ቶሎ መጣችልኝ" አለ።

ጉርሻዬን አፌ ውስጥ ያዝኩት።

"ማን ናት ቶሎ የመጣችው?"

ቀና አለ። ግራ ተጋባ።

"ምቷ። ምቷን ማለቴ ነው።"

በማግስቱ ሥራ ከመግባቴ በፊት ጎረቤታችን ኣደይ ለተሰንበት ዘንድ ሄድኩ። ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። የእሳቸው ጓዳና የእኛ ጓሮ ክፍል አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ማንም ቤታችን ቢገባ ከእሳቸው ዓይን አያመልጥም።

"ኣደይ፣ እኔ ሥራ ስሄድ ቤታችን የሚመጣ ሰው አለ?"

"የለም ጓለይ፣ ልጄ። ማን ይመጣል? ባልሽ ብቻውን ይገባል፣ በሩን ይዘጋል፣ ይደበድባል።"

ትንሽ ቀለል አለኝ። አመስግኜ ልወጣ ስል ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

"ግን ደስ ብሎኛል" አሉኝ። "ትግርኛሽ ተስተካከለ።"

"እንዴት?"

"ስትቆጥሪለት እሰማ የለ። ሓደ፣ ክልተ... በየቀኑ። 'ይህች ልጅ አሁን የእኛ ሆነች' አልኩ።"

"ከሰዓት በኋላ ነው የምትሰሙት?"

"እወ። እሱ ሲመታ።"

እኔ በዚያ ሰዓት ኬክ ቤት ነኝ። አልነገርኳቸውም።

ያን ቀን አሞኛል ብዬ ከሥራ ቶሎ ወጣሁ። ግቢያችን ስደርስ ጫማዬን አውልቄ በጓሮው በኩል ዞርኩና መስኮቱ ሥር ተጠግቼ ቆምኩ።

ድራሙ ይመታል...

ቆመ።

ዘርዓይ ሲስቅ ሰማሁ። በአፍንጫው። ለእኔ የሚስቅልኝን ሳቅ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለ፦ "እሺ፣ እንደገና። አንቺ ጀምሪ።"

በሩን ገፍቼ ገባሁ። ብቻውን ነው። እንደ እብድ ብርድ ልብሶቹን አንድ በአንድ ከግድግዳው ላይ ጎተትኳቸው። ከኋላቸው ግድግዳ ብቻ ነው። ከትልቁ ከበሮ ጀርባ አየሁ። ምንም የለም።

"ምን ሆንሽ?" አለኝ።

"ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

"ከራሴ።"

"ራስህን አንቺ ትላለህ?"

ጎንበስ ብሎ የወደቁትን ብርድ ልብሶች መሰብሰብ ጀመረ።

መሬቱ ላይ ሁለት ብርጭቆ ሻሂ ነበር። አንዱ ተጠጥቷል። ሌላው ሙሉ ነው፣ ቀዝቅዞ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ አውጥቷል። እኔ ቤት ስኖር ሻሂ የማፈላው እኔ ነኝ። ዘርዓይ በገዛ እጁ ለእኔ ሻሂ ቀድቶልኝ አያውቅም።

ልናገር ስል ማይኳን አየኋት።

ከድራሙ በላይ አልነበረችም። ዝቅ ብላለች። በዘርዓይ ግራ በኩል፣ ማንም በሌለበት ቦታ፣ የተቀመጠ ሰው አፍ በሚሆንበት ከፍታ ላይ ተንጠልጥላለች።

"ለምን አወረድካት?"

"እንዲህ ይሻላል" አለኝ። ዓይኔን ሳያይ።

የዚያን ቀኑን ካሴት እሱ ለመታጠብ ሲወጣ ሰማሁት። እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። በፊት ድምጿ ከበሩ ውጭ ነበር፣ ሩቅና የደበዘዘ። አሁን ክፍሉ ውስጥ ናት። ከንፈሯ ሲላቀቅ ይሰማል። ከ"ክልተ" በፊት የምትስበው ትንፋሽ ይሰማል። ድራሙ ግን ሩቅ ሆኗል። እሷ ቅርብ፣ እሱ ሩቅ።

ካሴቱን አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ወደ ቤት ጊዮርጊስ የሄድኩት በበነጋው ነው። ኮረብታው ላይ ጉሙ ከምጽዋ በኩል እየተግተለተለ ይወጣ ነበር። የኣቦይ ንጋሲን ቤት ጠይቄ አገኘሁት። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ እጃቸው ትልልቅ የሆነ ሰው ናቸው። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ወንበር ሰጡኝና በሩን ዘጉት።

"ምን ሆኖ ነው?" አሉኝ።

"የምትቆጥር ሴት አለች።"

ቁጭ አሉ።

"ጽገ ትባላለች" አሉ። "ባለቤቴ ነበረች። እኔ ስመታ አጠገቤ ተቀምጣ ትቆጥርልኝ ነበር። ምጽዋ ጦርነቱ ሲነሳ እህቷን ልታይ ወርዳ ነበር... አልተመለሰችም። ሬሳዋንም አላገኘንም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አንድ ቀን ስመታ ሰማኋት። ከውጭ። ከበሩ ማዶ።" እጃቸውን አፋተጉ። "በሩን ስከፍት የለችም። ስዘጋ ትቆጥራለች። ብዙ ጊዜ ታገስኩ። ለመንኳት። ግቢ አልኳት። አልገባ አለች። መቻል አቃተኝ። ድራሙን ሚስት ላለው ሰው ሰጠሁት።"

"ለምን ሚስት ላለው?"

"ሌላ ሴት ያለችበት ቤት ድራሙን ተከትላ አትሄድም ብዬ ነዋ፣ ጓለይ። ጽገ ቅናተኛ ነበረች።"

ካሴቱን አወጣሁ። እሳቸውም ቴፕ ነበራቸው። ከተቱትና ተጫኑት።

ሽሽሽታው...

ትንፋሿ...

"ሓደ..."

ኣቦይ ንጋሲ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ይፈራሉ ብዬ ነበር። አልፈሩም። እስከ መጨረሻው ሰሙ፣ መለሱና ደግመው ሰሙ። ከዚያ ፊታቸው እየጠቆረ መጣ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። በመስታወት ውስጥ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ።

"ገብታለች" አሉ። ድምፃቸው ተሰነጠቀ። "እሱ ዘንድ ገብታለች። ለእኔ ከበር አልፋ አታውቅም።"

"ኣቦይ..."

"ስሙን ጠርታለች?"

"አልጠራችም። ትቆጥራለች እንጂ።"

ብድግ ብለው ኮታቸውን አነሱ።

"ተነሺ። ድራሜን እወስዳለሁ።"

ከቤት ጊዮርጊስ እስከ ጸጸራት በታክሲ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። እሳቸው በአንዱ መስኮት፣ እኔ በሌላው መስኮት። ሁለታችንም ስለ አንዲት ሴት እያሰብን።

ቤት ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ሰማዩ ጠቁሮ በረዶ መጣል ጀመረ። አስመራ በክረምት የኖረ ያውቀዋል፣ ከሰዓት በኋላ የሚወርደው በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ሰው ተጯጩሆ እንኳ አይሰማማም።

የጓሮው ክፍል በር ከውስጥ ተቀርቅሯል።

ወደ መስኮቱ ሄድን። በብረቱ መሃል ዘርዓይን አየሁት፣ ጀርባውን። ይመታል። ማይኳ እዚያው ግራው ጎን ተንጠልጥላለች። ቴፑ ይዞራል።

"ዘርዓይ!" አልኩ። ብረቱን ደበደብኩ። አልዞረም። በረዶው ነው ብዬ አሰብኩ።

የድራም መምቻ እንጨቶቹን ወደ ላይ አነሳና ቆመ። መጠበቅ ጀመረ።

ያኔ ነው የሰማናት።

ያ ሁሉ በረዶ ቆርቆሮውን እየቀጠቀጠው፣ ኣቦይ ንጋሲ ከጎኔ ሲያለከልኩ እንኳ ሳልሰማቸው... እሷን ሰማኋት። በሹክሹክታ። ጆሮዬ ሥር።

"ሓደ..."

"ክልተ..."

"ሰለስተ..."

አራትን አልጠራችም።

"ዘርዓይ" አለች።

የ"ዓ"ዋ ድምፅ ከጉሮሮዋ ነው የወጣው። እኔ ከተጋባን ጀምሮ ስሙን ስጠራ እንደዚያ ጠርቼው አላውቅም።

በረዶው ትንሽ ቀለል አለ። ዘርዓይ እንጨቶቹን በቀስታ ከበሮው ላይ አስቀመጣቸው። ተነሳ። እኛ ወደ በሩ ስንዞር መጥቶ መቀርቀሪያውን ሳበና በሩን ከፈተልን።

ፊቱ ሰላማዊ ነው። እንቅልፍ ጠግቦ የተነሳ ሰው ይመስላል።

"ኣቦይ ንጋሲ" አለ፣ በሁለት እጁ እየጨበጣቸው። "በረዶው መታዎት። ይግቡ፣ ይግቡ።"

እኔን አላየኝም።

ደረቱ ሥር ቆሜያለሁ። "ዘርዓይ" አልኩት። ምሰሶ እንደሚዞር ሰው ዞሮኝ አለፈ። ኣደይ ለተሰንበት ጩኸቴን ሰምተው ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው መጡ። "ደህና ዋሉ ኣደይ" አላቸው። እጁን ያዝኩት። እጁን ከእጄ ወደ ደረቱ ሰበሰበና ትከሻውን አሻሸ።

"በሩን ዝጉት" አለ። "ንፋስ ይገባል።"

"ምን ነካህ ልጄ?" አሉት ኣደይ ለተሰንበት። "ሚስትህ እኮ ናት!"

"እወ" አላቸው ፈገግ ብሎ። ግራ ጎኑን አየ። "እዚህ ናት።"

ያለቀስኩትን ልቅሶ አልነግራችሁም። ማይኳ ካለችበት አጠገብ ቆሜ ስሙን ጠራሁት። ደጋግሜ ጠራሁት። ድምፄ እስኪዘጋ ጠራሁት። ኣደይ ለተሰንበት ይሰሙኛል፣ እያማተቡ ያለቅሳሉ። ኣቦይ ንጋሲ ይሰሙኛል። እሱ ግን ውጭውን እያየ በረዶው እስኪያባራ ይጠብቃል።

"ድራሙን ልወስደው መጥቻለሁ" አሉት ኣቦይ ንጋሲ።

"ይውሰዱት" አላቸው። ቅር አላለውም። "ከእንግዲህ አያስፈልገንም።"

አያስፈልገንም። እንዲህ ነው ያለው።

ሽማግሌው ወደ ባዶው ቦታ ሁለት እርምጃ ተጠጉ። እጃቸውን ዘረጉ።

"ጽገ" አሉ በሹክሹክታ። "ንዒ። ቤትሽ እንሂድ። ንዒ።"

ማንም አልመለሰላቸውም። ዘርዓይ በጨዋነት አንገቱን ደፋ፣ የሰው ባልና ሚስት ጠብ ላይ የደረሰ እንግዳ እንደሚያደርገው።

ድራሙ ያን ቀን ከቤታችን ወጣ። በቴፑ ውስጥ የነበረውንም ካሴት ኣቦይ ንጋሲ ኪሳቸው ከተቱት። በሰንበቱ አስጠሩኝና ቤታቸው አብረን ሰማነው።

በረዶው አለ። ድራሙ አለ፣ ሩቅ። ቆጠራዋ አለ። በሩ ሲከፈት ይሰማል። "በረዶው መታዎት" ሲላቸው ይሰማል። ኣደይ ለተሰንበት "ሚስትህ እኮ ናት" ሲሉት፣ ሽማግሌው "ንዒ" ሲሉ... ሁሉም አለ።

እኔ የለሁም።

ማይኳ አፌ ሥር ነበረች። ከሁሉም ይልቅ የቀረብኳት እኔ ነበርኩ። ስሙን በጠራሁበት ቦታ ሁሉ የካሴቱ ሽሽሽታ ብቻ ነው። የደበዘዘ አልነበረም። የራቀ አልነበረም። ጨርሶ የለም።

ኣቦይ ንጋሲ ቴፑን አጠፉት። "ድራሙን ካመጣሁ ማግስት ጀምሬ እመታለሁ" አሉኝ። "ጠዋትም፣ ማታም። አልመጣችም።" ከዚያ በዚያ በተሰበረ ድምፃቸው ጠየቁኝ። "ባልሽ ምን አለው? እኔ የሌለኝ ምን አለው?"

እኔም ስለ እሷ ይህንኑ እያሰብኩ ነበር።

ወዲያው ትቼው አልሄድኩም። ጎረቤቶች ሐኪም ዘንድ ወሰዱልኝ። ጆሮው ጤነኛ ነው ተባለ። ቄስ መጡ፣ ጠበል ተረጨ። እሱ ለሁሉም እሺ ይላል፣ ያመሰግናል፣ "የቐንየለይ" እያለ ሰውን ሁሉ እስከ በር ይሸኛል። ሠርካለም የሚባል ስም ሲነሳለት ግን የማያውቁትን ሰው ስም ሲሰማ እንደሚደረገው በትህትና ዝም ይላል።

እኔ የሠራሁትን ወጥ ይበላ ነበር። ማን እንደሠራው አይጠይቅም። ከመሶቡ ጥሩ ጥሩውን ሥጋ መርጦ በግራው በኩል ያስቀምጣል። "ብዪ" ይላል ዝቅ ባለ ድምፅ። እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ አያለሁ። ሥጋው እዚያው ይደርቃል። አነሳዋለሁ። በማግስቱ ደግሞ ያስቀምጥላታል።

በራሴ ቤት ጣልቃ የገባሁት ሴት እኔ ሆንኩ።

ሞት ቢወስደው አልቅሼ እቀብረው ነበር። ሌላ ሴት ብትወስደው ፀጉሯን ይዤ እጣላት ነበር። ይህ ግን የቱም አልነበረም። የሚያዝ ፀጉር እንኳ የለም።

መስከረም ሳይጠባ እናቴ ዘንድ አዲስ አበባ ለመግባት ወሰንኩ። ኣደይ ለተሰንበት አቅፈውኝ አለቀሱ። በዋዜማው ማታ ዘርዓይን ልሰናበተው ወደ ክፍሉ ገባሁ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ግንባሩን ሳምኩት። በእጁ ጠራረገው።

አውቶቡሱ የተነሳው ጠዋት ነው። ዝናብ ይዘንባል። በመስኮቱ በኩል ከተማዬን የመጨረሻ ጊዜ ልያት ብዬ መስታወቱን በእጄ ጠረግኩት።

አንድ ፌርማታ ላይ ሰዎች ተኮልኩለው አውቶቡስ ይጠብቁ ነበር። ከመሃላቸው ዘርዓይን አየሁት።

ጥቁር ጃንጥላ ይዟል። እሱ ግን ጃንጥላው ሥር አይደለም። እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ ጃንጥላውን ባዶ ቦታ ላይ ይዞታል። ዝናቡ ራሱን፣ ትከሻውን፣ ያን ቀጭን ፊቱን ያጥበዋል። ግድ አልሰጠውም። ወደ ጎን ዝቅ ብሎ የሆነ ነገር ይናገራል፣ በአፍንጫው ይስቃል። ፌርማታው ተጨናንቋል፣ ሰዎች ተገፋፍተው ዝናቡን ይሸሻሉ። ጃንጥላው ሥር ግን ማንም አልገባም። ሁሉም፣ አንድ ሰው የሚቆምባት ያህል ቦታ ትተው ቆመዋል።

ለእኔ በዝናብ ጃንጥላ እንደዚያ ይዞልኝ አያውቅም።

አውቶቡሱ በፊታቸው ሲያልፍ ዘርዓይ ቀና አላለም።

ጃንጥላው ግን ከእጁ ውስጥ ቀስ ብሎ ዞረ... ጠርዙን ከፍ አደረገ፣ ከሥሩ ሆኖ አሻግሮ ለማየት የፈለገ ሰው እንደሚያደርገው... እና አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ድረስ ወደ እኔ መስኮት እንደቀና ቀረ።